የዮሴፍ ማዕድ በቮርቢ ጎርድ

ተዋበች ስቶክሆልም ከገባች ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። አብዛኛውን ያሳለፈችው ቮርቢ ጎርድ በሚገኘው ፎቅ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዋን እራት እየበላች ነው። ቀን ቀን የምትሠራው በአንድ ዳጊስ ወጥ ቤት ነው፤ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ሕፃናት በሚውሉበት ቤት። እዚያ የሕፃን መንጋ አብልታ፣ አፍ ጠርጋ፣ የፈሰሰውን ወልውላ ትውልና ማታ ቤቷ ስትገባ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካና አንድ ብርጭቆ ታወጣለች። ልጇ ሀሴት ለትምህርት ሉንድ ከሄደች ወዲህ ሁለተኛው ሳህን ከመደርደሪያው ወርዶ አያውቅም። ሀሴት እሑድ እሑድ ትደውላለች። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

ሰው ጠፍቶ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጉንጯን የሚስማት ሞልቷል። ቅዳሴው ሲያልቅ ግን ሁሉም ልጆቹን ሰብስቦ አንዱ ወደ ፊቲያ፣ አንዱ ወደ ሄሰልቢ ይበተናል፤ «እንገናኝ እንጂ!» ተባብሎ እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ መጠፋፋት ነው። ተዋበች ደግሞ ሰው ቤት ሳትጠራ የምትሄድ ዓይነት ሴት አይደለችም።

በዚያ ላይ የዚህን ሀገር ጠባይ ገና በመጀመሪያው ክረምት ተምራዋለች። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቤቷ ጠርታት ኬክ አቀረበችላት። ተዋበች እንደ ወጉ «አይ፣ ይቅርብኝ» አለች። ወጉ የታወቀ ነው። ጋባዥ «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳ «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል፣ ጋባዥ «አፈር ስሆን» ብሎ ይቆማል፣ እንግዳም የግዱን እንደተሸነፈ ሰው ሆኖ ሳህኑን ይሳባል። ስዊድናዊቷ ግን ፈገግ ብላ ኬኩን ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈች። በቃ፣ አለቀ። ተዋበች ያን ቀን ኬኩን በዓይኗ ስትሸኘው አምሽታ፣ ሆዷ እየጮኸ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሀገር «አይ» አንዴ ከተባለ በቁልፍ እንደተዘጋ በር መሆኑን አወቀች። ይህን በማወቋም ትንሽ ትኮራ ነበር፤ አዲስ ለሚመጡት ሁሉ ታስተምረዋለች።

ከእሷ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ጋሽ ካሎጄሮ ይኖራሉ። «ጋሽ» ያለቻቸው እሷ ናት። ስዊድንኛ አንቱታ አያውቅምና አፏ «ዱ» ቢላቸውም ልቧ አንቱ ይላቸዋል። መጀመሪያ ጣልያን ናቸው ሲባል ፊቷን አጥቁራ ነበር፤ አባቷ አምስቱን ዓመት ዱር ለዱር ሲንከራተቱ የከረሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሽማግሌው ራሳቸው ነገሩን አበረዱት።

«እኔ ጣልያን አይደለሁም» አሏት። «ሲሲሊያዊ ነኝ፤ ደሴት ነን። ሮም እኛን የምታስታውሰን ግብር ስትፈልግና ወታደር ስትፈልግ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መግባባት ጀመሩ። የሁለቱም ስዊድንኛ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎውን ከጣልያንኛ አማርኛ ውስጥ በቀሩት ቃላት፣ ፎርኖና ሳልሳ፣ ማካሮኒና ጎማ እያሉ ይሞሉታል። ጋሽ ካሎጄሮ ለፋብሪካ ሥራ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ግትር ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው አጋታ ባለፈው መኸር አረፈች። ከዚያ ወዲህ ተዋበች ማታ ማታ ከጣሪያዋ በላይ አንዲት ወንበር ስትጎተት ትሰማለች፤ ሁለተኛዋ ወንበር ዝም ብላለች።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጋሽ ካሎጄሮ የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ጠበቋት።

«በማርች አሥራ ዘጠኝ የቅዱስ ዮሴፍ ቀን ነው። ማዕድ አዘጋጃለሁ፤ ማታ ትመጪያለሽ።»

«አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጾም ላይ ነኝ» አለች።

«እኛም በጾም ነው የምንበላው! ሥጋ የለበት፣ አይብ የለበት፣ እንቁላል የለበት። ባቄላ ነው፤ ዘይትና እንስላል!»

«ላስቸግርዎ አልፈልግም።»

«ምን አስቸገርሽኝ? አንቺ ማርያም ነሽ። ያለ ማርያም ማዕዱ አይነካም። አጋታ እያለች ማርያም ጠፍታብን አታውቅም። ዘንድሮ እኔ ነኝ የማዘጋጀው፤ አሳፍረሽ አታስቀሪኝ።»

ሁለት ጊዜ እምቢ ብላ ሦስት ጊዜ ተለመነች! በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። የተዋበች አንጀት ራሰ። «እሺ፣ ካሉ» አለች።

«እንደ ወጉ ታንኳኪያለሽ» አሉ ሽማግሌው ደረጃውን እየወጡ። «መቼም ታውቂዋለሽ፤ ክርስቲያን ነሽ።»

እሷም ምኑን እንደምታውቀው አልጠየቀችም። በር ማንኳኳት ማን ያቅተዋል?

የቀጠሮው ዕለት ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። ባዶ እጅ አይኬድምና ድፎ ዳቦ ጋገረች። ጥምቀት ካለፈ ያልለበሰችውን ቀሚስ ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ታዘበች። «ለባቄላ ነው እንዲህ የምሆነው?» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ ራሱ አስፈራት።

ደረጃው ገና ከታች ጀምሮ ያውዳል፤ የእንስላሉ፣ የጋለው ዘይት፣ የብርቱካኑ ልጣጭ ሽታ ተደባልቋል። ከውስጥ የሰው ድምፅ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የሴት ሳቅ ይሰማል። ተዋበች ዳቦዋን በግራ እጇ ታቅፋ በሩን አንኳኳች።

ጫጫታው ድንገት ጸጥ አለ።

«ማን ነው?» አለ የጋሽ ካሎጄሮ ድምፅ ከበሩ ጀርባ፤ ጠንከር ብሎ፣ እንደማያውቃት ሁሉ።

«እኔ ነኝ፤ ተዋበች።»

«ምን ፈለግሽ?»

ቀልድ መሰላትና ሳቅ አለች። «ጠርተውኝ ነው እንጂ! ለእራት ነው የመጣሁት።»

«እዚህ ቦታ የለም! ሂጂ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ!»

ከውስጥ አንዲት ሴት አፏን ይዛ ስትስቅ ተሰማ። ተዋበች ጆሮዋን ማመን አቃታት። በሩን አየችው፤ የስማቸው ጽሑፍ አለበት፣ ቤቱን አልተሳሳተችም። ድምፁም የራሳቸው ነው። የሆነ ሰው አሁን ከፍቶ እቅፍ ያደርጋት እንደሆነ ብላ ትንሽ ቆየች። በሩ አልተከፈተም። የደረጃው መብራት ሰዓቱ ደርሶ ራሱን አጠፋና ከነዳቦዋ ጨለማ ውስጥ ቀረች።

እንግዲህ እዚህ ሀገር «አይ» ማለት ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግድግዳውን እየዳበሰች ወረደች፣ ቤቷ ገባች፣ በሩን ቆለፈች። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደለበሰች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እስኪወጣላት አለቀሰች። «ምን አድርጌያቸው ነው? ለምነው ጠርተው፣ አልብሰው አስጊጠው በሰው ፊት መሳቂያ የሚያደርጉኝ ምን በድያቸው ነው?» አለች። ከጣሪያዋ በላይ ብዙ ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። እሷ ግን ዝምታውን አላስተዋለችም።

በነጋታው ለሥራ ስትወጣ በበሯ እጀታ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎ አገኘች። በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ነው፤ ላዩ ላይ መሰላል አስመስለው የጋገሩት ትንሽ ዳቦ፣ አንድ ብርቱካን፣ ከሥሩ በክዳን የተሸፈነ የባቄላ ገንፎ የሚመስል ነገር። ደሟ ፈላ። «ሲጠግቡ የተረፋቸውን ላኩልኝ! እንደ ውሻ ነው ያረጉኝ!» አለች። አንድም ነገር ሳትነካ ወጣችና እንዳለ በሽማግሌው በር እጀታ ላይ መልሳ ሰቀለችው። የሥራ ሰዓቷ ቢያልፍም ግድ አልሰጣትም።

ከዚያ በኋላ ኩርፊያ ሆነ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ጋሽ ካሎጄሮ ወለል ወለሉን እያዩ «ሄይ» ይላሉ፤ እሷም «ሄይ» ትላለች። ባርኔጣቸው ዝቅ ብሏል፣ ጺማቸው አድጓል። ይህንን አይታለች፤ ልቧ ግን ቂም ቋጥሯልና አላዘነችላቸውም። ማታ ግን ያቺ አንዲት ወንበር ስትጎተት በሰማች ቁጥር ሹካዋን ታስቀምጣለች። ብቸኝነትን ለምዳዋለች። ይህኛው ግን አንድ ሳምንት ሙሉ የሚፈልጋት ሰው እንዳለ አምና ከተመለሰች በኋላ የመጣ ነውና ጠናባት።

የፈረንጆቹ ፋሲካ አለፈ። የእኛው ሁዳዴ ገና አላለቀም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተዋበች ትቬትስቱጋ ወረደች፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ በተራ ልብስ የሚያጥብበት ምድር ቤት ነው። ከእሷ በፊት ተራ የነበራት ወፍራም ሴት አንሶላ ለብቻዋ ማጠፍ አቅቷት ትታገላለች። ተዋበች ዝም ብላ ጫፉን ያዘችላት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻትና አንሶላውን ለቀቀችው።

«አንቺ ነሽ ማርያም!» አለች።

ሮዛሊያ ትባላለች፤ ከጎን ያለው መግቢያ የምትኖር የሲሲሊ ሴት ናት። ያን ዕለት አፏን ይዛ የሳቀችው እሷ ነበረች፤ ተዋበች ድምፅዋን ወዲያው ለየችው።

«ሳቂ እንግዲህ» አለቻት። «አሁንም ሳቂብኝ።»

«እኔ? በአንቺ ልስቅ?» አለች ሮዛሊያ። «የሳቅሁት በካሎጄሮ ነው! ጭካኔው አያምርበትም፤ ‹ቦታ የለም› ሲል እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ለምን ሄድሽ? ለምን ደግመሽ አላንኳኳሽም?»

«ሂጂ ተባልኩ! ሂጂ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል?»

ሮዛሊያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። አጠገቧ ባለው ቅርጫት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት። በደሴታቸው በዮሴፍ ቀን ማዕድ የሚያወጣ ሰው ዘመድ ጠርቶ አይጀምርም። ድሃ፣ እንግዳ፣ ወይም ብቸኛ ሰው ፈልጎ ቅዱስ ያደርጋል፤ አንዱ ዮሴፍ ይሆናል፣ አንዷ ማርያም፤ ሌላ ካልተገኘ ማርያም ብቻዋን ትበቃለች። ቅዱሳኑ መጥተው ያንኳኳሉ። ከውስጥ «ቦታ የለም» ተብለው ይባረራሉ፤ ቤተልሔም ላይ እንደሆነው። እንደገና ያንኳኳሉ፣ እንደገና ይባረራሉ። በሦስተኛው በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ቅዱሳኑ ከማዕዱ ራስ ይቀመጣሉ። እነሱ ሳይቀምሱ በዚያ ቤት የሚቀምስ የለም፤ የሠራው ሰው እንኳ ጣቱን አይልስም።

«ሁላችን በሩን አፍጥጠን እያየን እንጠብቃለን» አለች ሮዛሊያ። «ሁለተኛው ማንኳኳት ቀረ። ካሎጄሮ በሩን ከፈተ፤ ደረጃው ባዶ ነው። ‹ትመጣለች› አለን። ፓስታው ተጣበቀ። እኔ ተርቤ እጄን ወደ ሳህኑ ስሰድ በጭልፋ መታኝ። ‹ሂድና ጥራት› ስንለው ‹ቅድስት አትጠራም፣ በራሷ ነው የምትመጣ› አለ። እሱን ታውቂው የለ፣ ግትር ነው። በመጨረሻ ሁላችንም ጦማችንን ወደየቤታችን ሄድን።»

«ሳህኑስ?» አለች ተዋበች። «በነጋታው የላኩልኝ ሳህን?»

«የማርያም ድርሻ ነበር። ስትመልሺበት ‹ቤቴን ተጸየፈችው፤ አጋታ የሌለችበት ቤት ማዕድ አያወጣም ማለቷ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤቱ ጠርቶ አያውቅም።»

ተዋበች ያልታጠፈውን አንሶላ ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች። የልደትን ወንጌል ከልጅነቷ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምታዋለች፤ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ እንዳልነበራቸው ታውቃለች። እሷን ግን ያንኳኳችው ራሷ በሆነችበት ሰዓት ማን ያስታውሳት? ደግሞም ሽማግሌው ብቸኝነቷን ዓይተው ነው የመረጧት። ይህ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያሳፍራት ነበር። አሁን ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድ ሰው እንዳስተዋላት ብቻ ነው የተሰማት። እሷ ደግሞ ያንን ሰው ሳህኑን እንደ ቆሻሻ በሩ ላይ ሰቅላበት፣ ሳምንታት ሙሉ «ሄይ» ስትለው ከርማለች።

አንሶላውን ለሮዛሊያ መልሳ፣ ልብሷን እዚያው ጥላው ወጣች። ደረጃውን ስትወጣ እንዲህ ስትል ወሰነች፦ ቢያባርሩኝ አንኳኳለሁ፤ ደግመው ቢያባርሩኝም አንኳኳለሁ፤ ፖሊስ ቢጠሩ ፖሊሱ ፊት አንኳኳለሁ።

በሩን ገና አንዴ እንደነካችው ተከፈተ። ጋሽ ካሎጄሮ «ማን ነው?» እንኳ አላሉም። በካልሲ ናቸው፣ ባርኔጣቸው የለም፤ ያለ ባርኔጣ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። ራሳቸው ላይ ያለው ፀጉር እንደ ሕፃን ፀጉር ሳስቷል። እሷ የተዘጋጀችው ለመባረር ነበር።

«አላወቅሁም ነበር» አለች። «ወጉን አላወቅሁም። ሮዛሊያ አሁን ነው የነገረችኝ። የእውነትዎን ያባረሩኝ መስሎኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው በሩን የበለጠ ከፈቱላት።

«ከዚያ ቀን ወዲህ» አሉ፣ «በሬን ለሚመታ ሰው ‹ቦታ የለም› ማለት ፈራሁ። መብራት ቆጣሪ የሚያነበውንም ሳልጠይቅ ነው የማስገባው።»

ወደ ውስጥ ገቡ። ሳሎኑ መሐል ረጅሙ ጠረጴዛ አሁንም ነጭ ጨርቁን እንደለበሰ ነው። ሽማግሌው ሌላ ነገር ሳይናገሩ ወጥ ቤቱ ጥግ ያለውን ትልቅ ፍሪዘር ከፈቱ። ማዕዱ ሙሉውን እዚያ ውስጥ ነበር። መዶሻና መጋዝ አስመስለው የጋገሯቸው ዳቦዎች አሉ፤ ዮሴፍ አናጢ ነዋ። የደቀቀ የዳቦ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ፓስታ አለ፤ ፍርፋሪው የእንጨቱ ብናኝ ነው። ማር የነካው ጥብስ ሊጥ አለ። ሁሉም በረዶ ለብሶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተደርድሯል።

«ቅዱስ ሳይቀምሰው አይበላም» አሉ። «አይጣልም ደግሞ። እና ምን ላድርገው?»

ማኩ የሚሉትን፣ ከተከካ ባቄላ የሚሠራውን፣ አወጡና በድስት ጣዱት። በረዶው ሲቀልጥ ድስቱ ተንጫጫ፤ የእንስላሉ ሽታ እንደገና ቤቱን ሞላው። እስኪሞቅ ድረስ ጋሽ ካሎጄሮ ቆመው ያወራሉ። በመንደራቸው ማዕዱ አደባባይ ሙሉ ነበር፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ ሊጥ ያቦካሉ፣ ሕፃናት ብርቱካን ይሰርቃሉ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ የጠረጴዛውን ጨርቅ ስለሚያነሳው በየማዕዘኑ ድንጋይ ይደረግበታል። እጃቸውን ሲያወናጭፉ የድሮ መልካቸው መለስ አለ። ተዋበች አንዱንም ሳታውቀው ሁሉንም አየችው።

ሳህኑን ከማዕዱ ራስ አስቀመጡላት። እሳቸው ከጎኗ ተቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ።

እሷም ጠበቀች። ሽማግሌ እጁን ሳይሰድ መብላት ከልጅነቷ ያልለመደችው ነገር ነው። እሳቸው እሷን ያያሉ፣ እሷ እሳቸውን ታያለች፣ ምግቡ ይበርዳል። ለካስ አሁንም ሁለቱም ወጋቸውን እየጠበቁ ነው! ተዋበች ይህ ሲገባት እጇ ላይ ያለውን ኃፍረት እንደምንም አሸነፈችና አማትባ ማንኪያውን አነሳች።

ቀመሰችው። ባቄላው ልስልስ ብሏል፣ እንስላሉ ከሩቅ ይሸታል፤ በረዶው ግን ጣዕሙን ወስዶታል፤ ጨው ደግሞ ከነጭራሹ የለውም ማለት ይቻላል። ሳይቀመስ የተሠራ ወጥ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ በጾም ሰዓት ሳትቀምስ ስንቴ ሠርታለች።

«እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ካሎጄሮ። ከወንበራቸው ወደ ፊት ተስበው አፍ አፏን ያያሉ።

ለባዕድ የሚመለሰው መልስ አንድ ነው፤ እጅዎ ይባረክ፣ በጣም ይጣፍጣል። ተዋበች ይህንኑ ልትል አፏን ከፈተች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቀስ ብለው ተነሱ፣ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ፣ የቁም ሳጥኑን በር ከፈቱ። ከተከፈተው በር ጀርባ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። አጋታ ካረፈች ወዲህ ስለ ሠሩት ምግብ አንድም ሰው ምንም ብሏቸው አያውቅም ነበር።

ተዋበች አልተከተለቻቸውም። ማንኪያዋን ይዛ፣ ጨዉ እስኪመጣ ጠበቀች።